ሳልለካው የቀረ አረር

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ልጄ ማህሌት ሳሎን ተቀምጣ የጥፍር ቀለሟን ስታስለቅቅ የአሴቶኑ ሽታ እኔ ድረስ መጣ። ሌላው ሰው አሴቶን ሲሸተው የሴቶች ጸጉር ቤት ይታወሰው ይሆናል። እኔን የታወሰኝ ሳን ሆዜ ያለ አንድ ጋራዥ ነው፤ እስከ ግማሽ የተከፈተ በር፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠሉ ነጠላዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ የጥይት ቀለህ፣ እና ጥጥ በአሴቶን ነክሮ አረር የሚወለውል ደረጀ። «ሶሪ ዳድ፣ ሽታው ቱ መች ነው?» አለችኝ ማህሌት መስኮት ልትከፍት እየተነሣች። «ተይው፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ገርሟት ትክ ብላ አየችኝ። ነርስ ናትና ሽማግሌ ሰው መጥፎ ሽታ ወደደ ማለት እሷ ዘንድ የበሽታ ምልክት ነው።

ደረጀን ያገኘሁት ከሳን ሆዜ ብዙም በማትርቀው ኒውአርክ ውስጥ እሠራበት በነበረው የብረት መቁረጫ ቤት ነው። እኔ ቶርኖ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ በዲቪ መጥቶ ገና የአውቶቡሱን መስመር የሚያጠና። ጊዜው ሰፊ ጂንስ የሚለበስበት ነበር። ደረጀ ሁለት ሰው የሚያስገባ ጂንስ አድርጎ፣ ነጭ ስኒከሩን በየምሳ ሰዓቱ በሶፍት እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ ከኋላዬ አይጠፋም። እኔ የምኖረው ኦክላንድ ነበር፣ ከፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ። ከጣቢያው ማዶ ባለው ጥግ በጋሪ በቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሜክሲኳዊት ነበረች። በቆሎውን ሎሚና ቃሪያ ቀብታ ትሰጠኝና ከዶላሬ ላይ ሳንቲም ትመልስልኝ ነበር። በዶላር በቆሎ ተበልቶ መልስ የሚገኝበት ዘመን! አሁን እዚያ ጥግ ላይ የስልክ መሸጫ ተከፍቷል። ሴትዮዋ የት እንደ ሄደች የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ማንን እንደምል እንኳ አላወቀም።

ዒላማ ተኩስ ያስለመደን አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። እሱ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ፤ እኛ፣ እኔና ደረጀ ከሌሎች ጥቂት ሐበሾች ጋር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን ቀጠልንበት። የሱቅ ጥይት ኪስ ሲጎዳብን ጊዜ የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመን፣ አጥበን፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣውን ጫፉን፣ እያስገባን ራሳችን መሙላት ጀመርን። የምንሞላው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረጀ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ነጠላችንን አውልቀን በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ እንሰቅላለን፤ እኔ ሱፌን እንዳደረግሁ እጅጌዬን እሰበስባለሁ። የደረጀ ኮሮላ ውስጥ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ ነበር። ወጥቶም አይወጣ፣ ተገልብጦም አይገለበጥ፤ ያው አንዱ ገጽ ብቻ ሲዞር ይውላል። የመኪናውን በር ከፍተን እሱኑ እየሰማን ስንሠራ ዘፈኖቹን በቅደም ተከተላቸው ሸመደድናቸው። ሌላኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ እኔ ነኝ አዋቂው። ሌላው ቢቀር መለካት አውቃለሁ። አረር ሁሉ አንድ መስሏቸው ነበርና የመጀመሪያው ትምህርቴ እሱ ሆነ። ሽጉጥህ የሚፈልገውን አረር ካታሎግ አይነግርህም፤ አፈሙዙን ራሱን ጠይቀው። ለስላሳ የእርሳስ ብረት ቁራጭ በእንጨት ዘንግ ቀስ አድርገህ መትተህ በአፈሙዙ ውስጥ አሳልፈው፣ ያለፈውን በማይክሮሜትር ያዘው፣ ከዚያ በኢንች አንድ ሺኛ የሚበልጥ አረር ግዛ። በተለይ ይኼ ቀለም የተቀባው፣ ኮትድ የሚሉት፣ ከቀጠነ ጉድ ይሠራል። ጋዙ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል፣ አረሩ እያሽከረከረ የሚያወጣውን የአፈሙዙን ጥርስ አይነክስም፣ ከወጣ በኋላ እየተገለባበጠ ይሄድና ወረቀቱን በጎኑ ይመታዋል። ከወፈረም ጥይቱ ማደሪያው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አፈሙዙን ፈትተህ የሞላኸውን ጥይት ጣል ታደርግበታለህ፤ «ቱክ» ብሎ ከተቀመጠና በጣት ሲያዞሩት ከዞረ ደኅና ነው። የአረሩ ውፍረት በኢንች ሺኛ ሲለካ ሦስት መቶ ሃምሳ ምናምን ነው፤ መጀመሪያው ሦስት መቶ ለሁላችንም ያው ስለሆነ አንጠራውም፤ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ሰባት እያልን ነበር የምንግባባው። የሌሎቹ ሽጉጦች አዳዲስ ስለነበሩ ሃምሳ ስድስት ይበቃቸዋል። የእኔ አሮጌ የአውሮፓ ሥሪት ነበረች፣ አፈሙዟ ሰፋ ያለ፣ ከሃምሳ ሰባት በታች የማትቀበል። «የጋሼ ሽጉጥ እንደ ጋሼ ናት፣ ያለ ልኳ አትሆንም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ደግሞ ወደ ተኩስ ሜዳው። ከኦክላንድ ተነሥቼ ኮረብታውን ስወጣ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ ቤንዚንም ያን ጊዜ ለጨዋታ ተብሎ የሚነዳበት ዋጋ ነበረው። ካፖርቴን አድርጌ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያዬን ደፍቼ እደርሳለሁ። ከመኪና ስወርድ ቦርሳዬን አንዱ ይቀበለኛል። ወንበር ይመጣል። ተኩስ ቆሞ ወረቀት ለመቀየር ወደ ዒላማው ሲኬድ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ይሉና የእኔንም ወረቀት እነሱ ነቅለው ያመጡልኛል። ማታ ሽጉጤን የሚወለውልልኝ ደረጀ ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ቦታው የተኩስ ሜዳ፣ እኔ እንደ ሠርግ አባት ተቀምጬ! አጠገባችን የነበሩ ፈረንጆች ይኼ ሰውዬ ጄኔራል ይሆን እያሉ ሳይጠያየቁ አልቀሩም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ሳምንቱ ሙሉ ጭር ይልብኝ ስለነበር ያቺን ቅዳሜ ነበር የምጠብቃት። ሽጉጤን አንሥቼ እጄ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ በቃ፣ እኔ አሁንም እኔ ነኝ እላለሁ። ስልሳ አልሞላኝም ነበር።

የአንድ ገና ዕለት ደረጀ ቤቴ መጣ። ልብሱ ያጌጠ፣ እጁ ላይ በሪባን የታሰረ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ። ስከፍተው አረር ነው፣ ያውም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተደባልቆ እስከ አፉ የሞላ። «ጋሼ፣ በዓመት በዓል የሚተኮስ ነው» አለኝና ሳቅን። ልጅ እንኳ ከረሜላ መስሎት እጁን ይሰዳል። ማይክሮሜትሬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ከተቀመጥንበት እጄን ብዘረጋ አገኘዋለሁ። ግን ሰው በበዓል ያመጣልህን ስጦታ በመለኪያ ትይዛለህ? ነውር ነው። እሱ ከሄደ በኋላም መለካቱ እሱን መጠርጠር መሰለኝ። ስመርቀው ዋልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጋራዡ ውስጥ «እርስዎ አይድከሙ» ብሎ ሁሉንም ራሱ ሞላልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከመቀመጫዬ ሆኜ ዒላማውን አያለሁ፤ መሃሉ ንጹሕ ነው። ደግሜ እተኩሳለሁ፣ ያው ነው። ወረቀቱን ለማየት ስነሣ ደረጀ ቀድሞኝ ሮጦ ይነቅለዋል። «ወረቀቱን ነፋስ ቀደደው ጋሼ፣ ሌላ ሰቀልኩ» ይለኛል። «እንዴት ነው?» ስለው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል፣ ዐይኔን ሳያይ። አንዱ ደግሞ «ዛሬ ነፋስ አለ ጋሼ» አለኝ። ነፋስ! በሃያ አምስት እርምጃ ሽጉጥ የሚያስት ነፋስ ቢኖር ኖሮ እኛን ራሳችንን ይዞን ይሄድ ነበር። የማላውቅ መስሏቸዋል። ያዘኑልኝ መሆኑን ከድምፃቸው ሰማሁት። አንድ ቅዳሜ ከጎኔ ከነበረ ሰው የሩቅ ማያ መነጽር ተውሼ ዒላማዬን አየሁት። ቀዳዳዎቹ ዳር ዳሩን ተበታትነዋል። ቅርጻቸውን ከዚያ ርቀት መለየት አይቻልም፣ ያየሁት መበታተናቸውን ነው። መነጽሩን መለስኩና ሽጉጤን ፈታትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ምነው ጋሼ?» ሲሉኝ «በረደኝ» አልኳቸው።

እጄ ሄደ ብዬ ያመንኩት ያን ዕለት ነው። ካመንኩ በኋላ ማስረጃው ሞላ። ስኒ ስይዝ የተንቀጠቀጥኩ ይመስለኛል፣ ፊርማዬ የተጣመመ ይመስለኛል። ቶርኖ ላይ ቆሜ የሠራሁትን ደግሜ ደግሜ እለካለሁ፤ ልኩ ልክ ነው፣ ግን አላምነውም። በሺኛ የሚሠራ ሰው እጁን ካላመነ ምን ይሠራል? አለቃዬ ቆይ እያለ እየለመነኝ ጡረታ ወጣሁ። ፍሪዌይ መንዳትም ተውኩ። ሽጉጤን በሕጉ መሠረት በሱቅ በኩል ለደረጀ አዛወርኩለት፤ ከተሞላው ጥይት የተረፈውንም ሰጠሁት። «ይቆይልዎት እንጂ ጋሼ» እያለ ተቀበለኝ። በኋላ ማህሌት እኔ ጋ ና ብላ ሳን ሆዜ ወሰደችኝ። የደረጀ ቤት ከእኛ ቢርቅ ጥቂት የትራፊክ መብራት ነው። ወደ መናፈሻው በእግሬ ስሄድ በዚያ በኩል ላለማለፍ ሌላ መንገድ እዞር ነበር። እሱ ሲደውል «ደኅና ነኝ፣ ሰሞኑን አመም አድርጎኛል» እላለሁ። መደወሉም እየቀነሰ ሄደ። እንዲህ እንዲህ ሲል ስንት ዓመት እንዳለፈ መቁጠር አልወድም።

የአሴቶኑ ሽታ በመጣ በዚያው ሳምንት ማህሌት ፍሩትቬል ወዳለው የድሮ ጥርስ ሐኪሜ ወሰደችኝ። «ስጨርስ ኮል አደርግልሃለሁ፣ ከዚህ እንዳትርቅ» ብላኝ ጉዳይዋን ልትጨርስ ሄደች። ጥርሴ ከታየልኝ በኋላ ጣቢያው አጠገብ ቆሜ ያቺን የበቆሎ ጥግ ስፈልግ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው «ጋሼ!» ብሎ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ስኒከሩ አሁንም ነጭ ነው፣ ጂንሱ ግን ልኩ ሆኗል። ደረጀ ሸበተ! ተቃቅፈን ቆየን። ከዚያ አጠገባችን ወዳለች የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ይዞኝ ገባ።

ቡናዬን ራሱ አምጥቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ግማሹን ብቻ አስሞልቶ አስቀመጠልኝ። እጄ አሁን ይንቀጠቀጣል። ይኼኛው የመሰለኝ አይደለም፤ ሐኪም ስም የሰጠው ነው፣ ኪኒን የምውጥበት። ደረጀ አይቶታል፣ ያላየ መስሎ ስለ ልጆቹ ያወራኛል። ከዚያ ወሬውን ድንገት ቀየረ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳይቀየሙኝ።»

«ተናገር።»

«ያ በብስኩት ቆርቆሮ ያመጣሁልዎት አረር... ሃምሳ አምስት ነበር።»

አልገባኝም። ያለው ደርሶኛል፤ ትርጉሙ ነው የዘገየብኝ።

«ሃምሳ ሰባት ፈልጌ ነበር» አለ። «ግን በሦስቱም ቀለም የተገኘው ሃምሳ አምስት ብቻ ሆነ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካልሆነ ስጦታው አያምርም ብዬ... ሁለት ሺኛ ምን ታመጣለች አልኩ። ልኩ ከተጻፈበት ሳጥን ገልብጬ ቆርቆሮ ውስጥ ያደረግሁት ለማሳመር ነው፣ በእግዚአብሔር።»

«ወረቀቱስ?» አልኩት። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «የምትነቅለው ወረቀት ላይ ቀዳዳው ምን ይመስል ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ረዘም ረዘም ያለ ነበር ጋሼ። ክብ አይደለም። እኔ እጅዎ እየዘለለ ወረቀቱን የቀደደው መሰለኝ። አይተው እንዳያዝኑ ብዬ ቶሎ ቶሎ እነቅለው ነበር።»

አንዲት ቀዳዳ ባይ ይበቃኝ ነበር። አንዲት! በጎኑ የገባ አረር ማለት የቀጠነ አረር ማለት ነው ብዬ እዚያች ጋራዥ ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ? ሽጉጤን አንድ ማታ ራሴ ብወለውለው የቀጠነ አረር አፈሙዙ ውስጥ የሚለጥፈው እርሳስ ይነግረኝ ነበር። ግን ወረቀቱን እነሱ ያነሣሉ፣ ሽጉጡን እነሱ ይወለውላሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። እጄ ምንም አልሆነም ነበር! ይህን ሳስብ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ይሆናል። ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው፤ ደኅና እጄን ይዤ ያን ሁሉ ዓመት እንደ ሽባ መቀመጤ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሽጉጡን ከሰጡኝ ሁለት ዓመት ሆኖት። የተረፈውን ጥይት ይዤ ሄድኩ። እኔም ስተኩስ በጎኑ ገባ። ያን ጊዜ እንዳስተማሩን እርሳስ አሳልፌ ለካሁት።» ሶፍቱን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ «ለመንገር ስንት ጊዜ ስልክ አንሥቻለሁ» አለኝ። «ጡረታ ወጥተዋል፣ ከተረጋጉ በኋላ ምን ላድርግ ልበጥብጥዎት ብዬ ተውኩት። ደኅና ቀን ስጠብቅ...»

መቆጣት ፈለግሁ። ብቆጣው ይቀበለኛል፣ እግሬ ላይ ይወድቃል፣ እኔም አነሣዋለሁ፣ ያልቃል። ግን ያ በሪባን የታሰረ ቆርቆሮ ዐይኔ ላይ መጣ። ማይክሮሜትሬ ያለበት መሳቢያም መጣብኝ። ሁለታችንም የሠራነው አንድ ነገር ነው፤ እኔ እንዳይከፋው አልለካሁም፣ እሱ እንዳይከፋኝ አላሳየኝም። ቡናዬን ላነሣ ስል ክዳኑ ተንኳኳ። ደረጀ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አትዙር» አልኩት። «እየው።»

እጄን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጌ ዘረጋሁለት። አየ። ዐይኑ እንባ ሞላ።

«ምን ታያለህ?»

«ጋሼ...»

«ምን ታያለህ ነው የምልህ!»

«ይንቀጠቀጣል» አለኝ። «በጣም ይንቀጠቀጣል።»

«ይኸው» አልኩት። «ያኔም እንዲህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ወሰደኝ። ማህሌት «ዳድ፣ ኖ ሹቲንግ፣ ፕሮሚስ አድርግልኝ» አለችና ቃሌን ተቀብላ ለቀቀችኝ። ኮሮላዋ ከተሸጠች ቆይታለች፤ አሁን የሚነዳው ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ዘፈኑም በስልክ ነው የሚታዘዘው። ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን ብጠይቀው አገኘልኝ። ሲያልቅ የሚቀጥለውን ጆሮዬ ጠበቀ፤ የመጣው ግን ሌላ ዘፈን ነበር።

ሜዳው ያው ነው፣ ጭጋጉም ያው። ከድሮዎቹ የቀረ የለም፤ አንዱ ቴክሳስ፣ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ አርፏል። ደረጀ ሽጉጤን ከሳጥኗ አወጣ። በደንብ ይዟታል። ያመጣው ሃምሳ ሰባት ነበር፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው። አረሩን በማይክሮሜትር እየያዘ አንድ በአንድ አሳየኝ፣ እኔም አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ቆመና ተኮሰ። እኔ ቃሌን ጠብቄ ከኋላው ተቀምጬ፣ የመጨረሻው ድምፅ ኮረብታው ላይ እስኪጠፋ ጠበቅሁ።

ተኩስ ቆመ ተባለ። ደረጀ እንደ ልማዱ ሊሮጥ አንድ እግሩን አንሥቶ ትዝ አለውና መለሰው። ተነሣሁ። ሃያ አምስት እርምጃ የነበረው ለእኔ አሁን ብዙ ሆኗል፤ መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሽጉጡን አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ደርሼ አየሁት። ቀዳዳዎቹ መሃል ላይ ተሰብስበዋል፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ፣ ሁሉም ክብ። ጣቴን በላያቸው አስኬድኩት። የእኔ ሽጉጥ ይህን ስታደርግ ኖራለች፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ ስለ እጄ ሳለቅስ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» ብሎ ደረጀ ከሩቅ ጮኸ።

«ጥሩ ነው» ብዬ ልጮህለት ነበር። ተውኩት። ወረቀቱን ነቀልኩና ራሱ ይየው ብዬ ይዤለት ተመለስኩ። እስክደርስ ድረስ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲንኮሻኮሽ መጣ፤ ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ይህን ጊዜ ነፋስ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።